ያላነበበ ሦስት፣ ያነበበ ዐሥራ አንድ

ሲትራ ይመር ከጠረፍ በር ዩኒቨርሲቲ በሶፍትዌር ምህንድስና በከፍተኛ ማዕረግ ስትመረቅ፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንዲት የፕሮግራም መስመር ጽፋ አታውቅም ነበር። አብረዋት ጋዋን ከለበሱት ሁለት መቶ ስምንት ተመራቂዎችም የጻፈ አልነበረም። ይህ ማንንም አያስገርምም። ዘመኑ 2074 ዓ.ም. ነው፤ ፕሮግራም የሚጽፈው ማሽን ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሰዉ «ጸሐፊው» ይለዋል። ጸሐፊው ይጽፋል፣ ራሱ ይፈትሻል፣ ራሱ ያርማል። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መታሰር አይችልም። ስለዚህ ሕጉ፣ ማንኛውም ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የአንድ ሰው ፊርማ ይኑረው ይላል። መሐንዲስ ማለት ያ ሰው ነው።

ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ሥራ ተማሪዎቹን በሚገባ ያዘጋጅ ነበር። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ቀጣሪዎች ተሰብስበው የትኛው ኮርስ ተማሪውን ለሥራ እንደጠቀመው በደረጃ ያስቀምጣሉ፤ ከታች የቀሩት ይታጠፋሉ። የሒሳብ ኮርሶች የታጠፉት ሲትራ ሳትወለድ ነው። በእሷ ጊዜ አንደኛ የሚወጣው የፊርማ ሕግ ነበር። ቀጥሎ የውሳኔ ፍጥነት ይመጣል፤ ተማሪው ሳይነሳ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ ፊቱ የሚያልፉትን ለውጦች እያየ በጣቱ የሚያጸድቅበት ነው። ሦስተኛው የይቅርታ አነጋገር ይባላል። አስተማሪዋ የቀድሞ የቴያትር ተዋናይት ነበረች። ከሟች ቤተሰብ ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ እጅ ደረት ላይ የት ጋ እንደሚያርፍ፣ «አዝናለሁ» ከሚለው ቃል በፊት ስንት ሰከንድ ዝም እንደሚባል ታለማምዳቸዋለች። ሲትራ በዚህ ኮርስ ኤ ነው ያገኘችው።

ከታች አንደኛ የሚወጣው ንባብ የሚባለው የምርጫ ኮርስ ነበር። ያልታጠፈው አስተማሪው መምህር እንድሪስ ሙሄ ጡረታ እስኪወጡ ስለተጠበቀ ብቻ ነው። ሲትራ የተመዘገበችው ወድዳው አይደለም፤ ሰዓቱ ከአውቶቡሷ ጋር ስለገጠመላት ነው። ሰባት ተማሪዎች ነበሩ። መምህር እንድሪስ ጸሐፊው ከጻፈው አንዲት ገጽ አትመው ያመጡና ሳምንቱን ሙሉ በእሷ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ይቺ መስመር ማንን ታያለች? ማንን አታይም?» ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። እያደር ሦስቱ ሳቃቸውን ተዉ። ሲትራ አንዷ ነበረች።

ሥራ የያዘችው በከተማዋ የቅዝቃዜ አገልግሎት ነው። ጠረፍ በር ቆላ ላይ የተቆረቆረች የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከመጋቢት እስከ ሰኔ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ አርባ ሰባት ይደርሳል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ከአንድ ማዕከል በቧንቧ ወደየሕንጻው ይሄዳል። መስኮቶቹ አይከፈቱም። የትኛው ቤት መቼና ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚወስነው ጸሐፊው የጻፈው ፕሮግራም ነው።

የፈራሚዎች አዳራሽ መቶ ሃያ ወንበር አለው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ነርሷ እየዞረች ዓይናቸው ላይ ጠብታ ታደርጋለች። ከዚያ ስክሪኑ ይበራል። በግራ የድሮው፣ በቀኝ አዲሱ፣ ከታች ጣት የሚያርፍባት ትንሽ መስታወት። ለአንድ ለውጥ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ደንበኛ ፍጥነት ነው። ሃያ ሰከንድ ካለፈ ከወንበሩ በላይ ያለው አምፖል ቢጫ ይበራል። ከእያንዳንዱ ወንበር ሥር አንድ ቦርሳ አለ፤ ቅያሪ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የቤተሰብ ፎቶ። አንዳንድ ቀን ሁለት ፖሊሶች ይገቡና ስም ይጠራሉ። የተጠራው ቦርሳውን አንስቶ ይወጣል፤ ከጎኑ ያለው ለማሳለፍ ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል፤ ሥራው ይቀጥላል። ሲትራ በሦስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሰው ሲወጣ አይታለች። አባቷ ይመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ጣቷን ብቻ እያነሳች ነው የምትበላው» ይል ነበር።

ሚያዝያ 14 ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ለውጥ ፊቷ መጣ። የድሮው መስመር ነዋሪው ራሱ ቤቴ ባዶ ነው ብሎ ካላስታወቀ ቅዝቃዜው አይቋረጥም ይላል። አዲሱ አጭር ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ለአርባ ደቂቃ እንቅስቃሴ ያልታየበት ቤት ባዶ ነው። ባዶ ቤት አይቀዘቅዝም።

ሲትራ ጣቷን አነሳች፤ ግን አላሳረፈችውም። ይቺ መስመር ማንን አታይም? ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱም ወዲያው መጣላት። አልጋ ላይ የዋለ ሰው። አምፖሉ ቢጫ በራ። ለጸሐፊው ጻፈችለት፤ «የማይንቀሳቀስ ሰው ቤት ውስጥ ቢኖርስ?» መልሱ ባንድ አፍታ እዚያው ወጣ። «የማይንቀሳቀስ ነዋሪ በመረጃው ውስጥ አልተገኘም።»

የአዳራሹ ተቆጣጣሪ አቶ ተካበ ቢጫውን አይቶ መጣ።

«ምን ገጠመሽ ሲትራ?»

«አንድ ነገር አልገባኝም፣ አቶ ተካበ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቢኖርስ? የማይንቀሳቀስ?»

ተካበ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየው። አላነበበውም፣ አየው እንጂ። «አልጠየቅሽውም?»

«ጠይቄዋለሁ። በመረጃው ውስጥ የለም ነው የሚለኝ።»

«ከሌለ የለማ።»

«የማይንቀሳቀስ ሰው እኮ ባዶ ቤት ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ታዲያ እንዴት ብሎ ይገኛል?»

ተካበ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም በወጣትነቱ አራት ዓመት ታስሮ ወጥቷል። ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ። ይሄን ብትይዢው ደረጃሽ ይወርዳል። ደረጃው የወረደ ደግሞ የት እንደሚመደብ ታውቂያለሽ፤ የሆስፒታሎቹ ጠረጴዛ ላይ። እዚያ ሰው ሳይታሰር ስድስት ወር አይቆይም። አንቺ ያልፈረምሽውን ይቺ አጠገብሽ ያለችው ትፈርመዋለች። ታዲያ ምን ይፈይዳል?»

ሲትራ አጠገቧ ያለችውን አየቻት። ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም፤ ጣቷ ይነሳል፣ ያርፋል፣ ይነሳል፣ ያርፋል። አራት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ አልፎ ነበር። ሲትራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። አረንጓዴ በራ። ቀጣዩ ለውጥ ስለ አንድ የቧንቧ መክደኛ ነበር። በዘጠኝ ሰከንድ ፈረመችው።

ለሦስት ቀን ያህል እንቅልፍ አጣች። በአራተኛው ተኛች።

መስመሩ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት አንድ ነው። ግንቦት ሦስት ሙቀቱ አርባ ስምንት ገባ። በማግሥቱ ጠዋት ለፈራሚዎች በሚነበበው ሪፖርት ላይ ባዶ ቤቶች ከተጠበቀው በላይ መጨመራቸውና ማዕከሉ ጥሩ እረፍት ማግኘቱ ተገልጾ ተጨበጨበ። ሲትራም አጨበጨበች። ማጨብጨቧን መሃል ላይ ያቆመችው ለምን እንደሆነ የገባት ቆይቶ ነው።

ሕንጻ ዘጠኝ የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚኖሩበት ነበር፤ ብዙዎቹ አርጅተዋል፣ ግማሾቹ ከአልጋ አይነሱም። ግንቦት ሦስት ቀን እዚያ ዐሥራ ሰባት ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዷ እማ ፋጤ ይባላሉ። ልጃቸው ሰዓዳ በማቅለሚያ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ያን ቀን ጠዋት እንደ ወትሮዋ እናቷን አጥባ፣ አብልታ፣ አስተኝታ ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ተመልሳ በሩን ከፍታ ስትገባ ቤቱ ሰው መግባቱን አወቀ፤ ቀዝቃዛው አየር ወዲያው መንፈስ ጀመረ። ሰዓዳ እናቷ አልጋ አጠገብ ስትደርስ ቤቱ መቀዝቀዝ ይዞ ነበር። ይህ ሁሉ በፖሊስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ፖሊሶቹ ሲትራን የወሰዷት ግንቦት ሰባት ቀን ነው። አጠገቧ ያለችው ልጅ ወንበሯን ጠጋ አደረገችላት።

ድርጅቱ ያቆመላት ጠበቃ ፈጣንና ትሑት ሰው ነበር። «አይዞሽ» አላት፣ ወንበሩን እየሳበ። «ነገሩ ቀላል ነው። ሳያነብ የፈረመ በቸልተኝነት ነው የሚጠየቀው፤ ሦስት ዓመት። በመልካም ጠባይ ሁለት። አንብቦ፣ አውቆ የፈረመ ግን ሌላ ነው፤ ከዐሥር አይወርድም። የሚጠይቅሽ ሰው ካለ መልስሽ አጭር ይሁን። አላነበብኩትም።»

«ጸሐፊውን ጠይቄው ነበር እኮ። ተመዝግቦ የለም?»

«የፈራሚና የጸሐፊ ምልልስ በሃያ አራት ሰዓት ይጠፋል። አቶ ተካበም ቃሉን ሰጥቷል። አምፖልሽ ቢጫ የበራው ዓይንሽን አሞሽ ነው ብሏል።»

ሲትራ ጥቂት አሰበች። «መስመሯስ ተስተካከለች?»

«የአደጋው ምክንያት ተወግዷል።»

«ምክንያቱ ምን ነበር?»

ጠበቃው ወረቀቱን ሰበሰበ። «አንቺ ነሽ» አለ፣ በጨዋነት።

ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ፈራሚዋ ተቀይራለች፤ መስመሯ ግን እንዳለች ነች። ሕንጻ ዘጠኝን ለጊዜው አስወጥተውታል፤ በቀሩት አርባ አንድ ሕንጻዎች ውስጥ መስመሯ አሁንም ባዶ ቤት እየቆጠረች ነው። ሙቀቱ ለጥቂት ቀን ጋብ ስላለ ብቻ ነው ሰው ያልሞተው። ግንቦት ገና አላለቀም።

መምህር እንድሪስን አስጠራቻቸው። መጡ። ከሲታ ናቸው፤ እስር ቤቱ በር ላይ አስወልቀዋቸው መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር፣ መምህር?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «እኔ አልፈርምም ነበር ብዬ ልዋሽሽ?» አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን ያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። እኔ ማንበብ ነው ያስተማርኩሽ፣ ልጄ። ያነበቡትን መናገር የሚባል ኮርስ አልነበረኝም።»

«አላነበብኩም ብል ሦስት ዓመት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ካነበብኩ ዐሥር።»

«እሱንም ሰምቻለሁ። ወጣት ነሽ። ማንም አይፈርድብሽም።» ቀና ብለው አዩዋት። «ያቺ መስመር ግን አርባ ደቂቃዋን ትቆጥራለች።»

ሲትራ እሳቸው ከሄዱ በኋላ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለሟቾቹ አልነበረም፤ ይህን ለራሷ አልደበቀችም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗት ስትወጣ ታያት፤ እናቷ ታየቻት፤ አባቷ ለጎረቤት የሚለው ነገር አጥቶ ታያት።

የቤተሰብ ችሎት የዋለው ግንቦት ሃያ ነው። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ፈራሚው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ቤተሰብ ከፈለገ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ዳኛው ቅጣት ይወስናሉ። የሟች ቤተሰቦች ሦስት ረድፍ ሞልተው ተቀምጠዋል። ሲትራ እንደተማረችው ቆመች። ቀኝ እጇን ከአንገቷ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋ ደረቷ ላይ አሳረፈች። ሦስት ሰከንድ ዝም አለች። ድምፅዋ በትክክለኛው ቦታ ላይ ሰለል አለ። «ለጠፋው ሕይወት ከልቤ አዝናለሁ» ስትል ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን ጠረጉ። ኮርሱ ይሠራል።

ቀጥሎ ሰዓዳ ተነሳች። አምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ጣቶቿ ከማቅለሚያው የተነሳ እስከ አንጓቸው ሰማያዊ ናቸው።

«እኔ አንድ ነገር ነው የምጠይቅሽ» አለች። «አንብበሽው ነበር?»

ጠበቃው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠ። ሲትራ ድምፁን ሰማችው።

«አንብቤዋለሁ» አለች።

እጇን ከደረቷ ላይ አወረደች።

«አንብቤዋለሁ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንደማይታየው አውቄያለሁ። ጸሐፊውን ጠይቄው የለም አለኝ። አራት ደቂቃ ይዤው ቆየሁ፤ ከዚያ ደረጃዬ እንዳይወርድ ብዬ ፈረምኩት። እስከ አሁንም አልተቀየረም። በአርባ አንድ ሕንጻ ውስጥ አሁን፣ እዚህ ቆሜ እያወራሁ፣ እየሠራ ነው። እናት አባት ቤት ትቶ የመጣ ሰው ካለ ሄዶ ይያቸው።»

ከኋላ ረድፍ አራት ሰዎች ተነስተው እየሮጡ ወጡ። ሰዓዳ ግን ቆማ ቀረች። ከዚያ ተቀመጠች።

ዳኛው ነገሩን ከሰሙ በኋላ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ጉድለቱ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ ለሚሞተው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። መስመሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሁሉም ሕንጻዎች እንዲቆም አዘዙ። ቆመም። በዚያው ሳምንት ሙቀቱ አርባ ዘጠኝ ደረሰ፤ በጠረፍ በር ማንም አልሞተም። ስላልሞቱት ሰዎች የጻፈ ጋዜጣ አልነበረም። ሲትራ ዐሥራ አንድ ዓመት ተፈረደባት።

በሴቶቹ ማረሚያ ቤት የመሐንዲሶች ክፍል ስልሳ ሦስት ሰው ነበረበት። አብዛኞቹ የማዕረግ ተመራቂዎች ናቸው። ያላነበቡት መጥተው ይሄዳሉ፤ አልጋቸው ሳይቀዘቅዝ ሌላ ይተኛበታል። ሲትራ ዐሥራ አንድ ዓመት የተፈረደባት ብቸኛዋ ስለነበረች የመስኮቱን ዳር ሰጧት። ዩኒቨርሲቲው በዓመቱ መጨረሻ ለቀድሞ ተማሪዎቹ ሁሉ የሚልከውን መጠይቅ ለእነሱም ላከ። «በሥራዎ ላይ በጣም የጠቀመዎት ኮርስ የትኛው ነው?» ይላል። አንዷ እስረኛ ጮክ ብላ እያነበበች ሳቀች፤ ሌላዋ በቁም ነገር የውሳኔ ፍጥነት በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ሲትራ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ንባብ አልነበረበትም።

ለምን እንደሌለ የነገሯት መምህር እንድሪስ ናቸው። ጥቅምት ላይ መጥተው ጠየቋት።

«ሐምሌ ላይ ታጠፈ» አሉ። «ቀጣሪዎቹ ንባብ የወሰደ ፈራሚ አደጋ ነው አሉ። ሳያውቅ ቢያጠፋ ሦስት ዓመት ነበር፣ ያወቀ ግን ድርጅቱንም ይዞ ይወድቃል ነው ነገሩ። እኔንም በጡረታ ሸኙኝ።»

«በእኔ ምክንያት።»

«በአንቺ ምክንያት አርባ አንድ ሕንጻ ሰው በሕይወት አለ። እሱንም አብረሽ ያዢው።» ትንሽ አመነቱ። «መስመሯ ግን ተመልሳለች። አርባ ደቂቃው ዘጠና ሆኗል።»

«ማን ፈረመው?»

«በክረምቱ የተመረቀች ልጅ። ጎበዝ ናት ይባላል። የእኔን ኮርስ አልወሰደችም።»

ሰዓዳ የመጣችው በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ነው። ጠባቂዋ «ጠያቂ አለሽ» ስትላት ሲትራ እናቷ መስላት ነበር የወጣችው። ሰማያዊ ጣቶቹን ስታይ ባለችበት ቆመች። እጇ ሳታዝዘው ወደ ደረቷ ሄደ።

«እሱን ተዪው» አለች ሰዓዳ። «ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። በመካከላቸው የብረት ጠረጴዛ ነበር።

«ያቺን መስመር ታስታውሻታለሽ?»

«አስታውሳታለሁ፣ እትዬ።»

«አንብቢልኝ። ዳኛውም፣ ጋዜጣውም ስለ እሷ አወሩ እንጂ እሷን ራሷን ያሰማኝ ሰው የለም።»

ሲትራ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ አነበበችላት። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ለአርባ ደቂቃ እንቅስቃሴ ያልታየበት ቤት ባዶ ነው። ባዶ ቤት አይቀዘቅዝም።

ሰዓዳ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። «አራት ከአርባ ላይ ነው እንግዲህ የጠፋው።»

«አዎ። አራት ከአርባ።»

«ሲጠፋ ድምፅ አለው?»

«ሲሠራ ነው ድምፅ ያለው። ሲጠፋ ጸጥ ይላል።»

የይቅርታ አነጋገር ኮርስ ሐዘንተኛ ሊናገራቸው የሚችላቸውን አርባ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ መልስ አስቀምጧል። ሲትራ ሁሉንም በቃሏ ታውቃቸዋለች።

«እናቴ መንቀሳቀስና መናገር ነበር ያቃታት» አለች ሰዓዳ። «ጆሮዋ ግን ደህና ነበር። ጠዋት ስወጣ ‹ደህና ዋይ እማዬ› ስላት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትመልስልኝ ነበር።» ቀና አለች። «ጸጥ ሲል ሰምታዋለች ማለት ነው?»

ከአርባ ሁለቱ ውስጥ ይህ አልነበረም።

«ሰምተውታል» አለች ሲትራ።

ሰዓዳ ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን ሰብስባ ትነሳለች ስትባል ሰማያዊ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ድገሚልኝ» አለች። «ቀስ ብለሽ።»

ሲትራ ቀስ ብላ ደገመችላት።